የማይታጠብ ውሃ

ሃያ አንድ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥቤያለሁ፤
የደሙን፣ የአዮዲኑን ነጥብ በዳበሳ ለይቼ አውቃለሁ።
ከአሥር ማሽን ጩኸት መሐል፣
ከምድር ቤቱ ስወጣ ሲመሽ፣
የአፉላ አውቶቡስ እንኳ የሚያንሾካሹክ ይመስለኛል።

ፊራ፣ የፊት ለፊቷ በር፣ አረጋውያን ቤት ስትገባ
የዓሣ ገንዳዋን ተወችልኝ፣ ከነሣሩ፣ ከነማጣሪያው።
ማጣሪያውን ጠላሁት፤
ሌሊቱን ሁሉ እንደ በሽተኛ
እህህ ይላል፣ አያስተኛ።
ከሶኬቱ ነቀልኩት።

ውሃው ሲደፈርስ ሙያዬን አመጣሁበት፤
ጠጠሩን በፈላ ውሃ፣ መስታወቱን በኮምጣጤ፣
ቅጠሉን አንድ በአንድ በጣቴ
ፈተግሁት፣ አለቀለቅሁት፣
ለቀዶ ሕክምና እንደሚሰናዳ ክፍል አበራሁት።
በሦስተኛው ቀን አምስቱም ዓሦች
ሆዳቸውን ወደ ጣሪያው አዙረው
እንደ ሕፃን ካልሲ ተንሳፍፈው።

ፊራ ዘንድ ሄድኩ፣ በሁለት አውቶቡስ።
እሷ አማርኛ አታውቅ፣ እኔ ሩሲያኛ፤
የጋራችን ዕብራይስጥ የተሸራረፈ ደረጃ ነው፣
እየዘለልን የምንረግጠው።
መዳፌን ይዛ አሸተተችና ሳቀች፤
ከመስኮቷ፣ ከአበባው ማሰሮ አፈር ዘግና
እጄ ላይ አስቀመጠች።
«ሊኽሉኽ» አለችኝ፣ «ሊኽሉኽ ቶቭ!»
ቆሻሻ ማለቷ ነው፣ ደግ ቆሻሻ።
አለቃዬ ሲቆጣኝ የኖረበትን ቃል
እሷ እንደ ምርቃት ሰጠችኝ፣ በመጨረሻ።

እና ከታች አፈር፣ ሁለት ጣት፤
ከላይ አሸዋ፣ አፈሩ እንዳይነሣ፤
ከዳር እስከ ዳር ሣር፣ ገና ያለ ዓሣ።
አንደኛው ሳምንት ወተት፤ ሁለተኛው የጎመን ቅቅል።
እጄን በላኝ። የኩሽናውን ወለል
በአንድ ማታ ሦስት ጊዜ አጠብኩ፣
ገንዳውን እንዳልነካ።
ቀንድ አውጣ ብቅ አለች፤ ማን ጋበዛት?
ከቅጠል ጀርባ ኖራለች ለካ።
እሷም ፈረቃ አላት፣ የሌሊት ፈረቃ፤
መስታወቱን ትልሳለች፣ ያለ ሳሙና፣ ያለ አለቃ።

አንድ ጠዋት ፀሐይ ከጊቭዓት ሃሞሬ ትከሻ ብቅ ስትል
ከአንዱ ቅጠል ጫፍ የመርፌ ዓይን የምታህል
እስትንፋስ ወጣች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ።
ውሃው ጠርቶ ነበር፣ ማንም ሳያጥበው።

ሦስት ጉፒ ብቻ ገዛሁ።
ኩሳቸው ለአፈሩ፣ አፈሩ ለሥሩ፣
ቅጠሉ ደግሞ ለእነሱ አየሩ፤
እኔ ምን እንደምሠራ ግን አልገባኝም፣
ምናልባት ክዳን ለመክፈት፣
ክሎሩ እስኪወጣ በባልዲ ያደረ ውሃ ለመሙላት።
የዚህ አገር ውሃ ኖራ አለበት፤
በጎደለ ቁጥር መስታወቱ ላይ ነጭ መስመር ያሰምርበታል።
አልጠርገውም። ይቁጠርልኝ።
ዓርብ ሲመሽ ፎቁ ሁሉ ማሽኑን ያጠፋል፤
የእኔ ገንዳ ለሰንበት የሚያጠፋው ነገር የለውም፣
ቀድሞውንም አርፏል።

በግንቦት፣ የበረሃው ነፋስ ከተማዋን ሲያፍናት፣
መብራት ጠፋ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ።
ኤልያሳፍ፣ የላይኛው ፎቅ ልጅ፣
ባልዲ ታቅፎ በሬን ደበደበ፤
ሞተሩ ቆሟል፣ ዓሦቹ አፋቸውን አሹለው አየር ይለምናሉ።
አሥራ ሁለት ናቸው፤ ቆጠርኳቸው።
ሁለቱን ብቻ ተቀበልኳቸው።
«ሌሎቹስ?» አለ።
ገንዳዬ ጸጥ ያለው ልኩን ስለሚያውቅ ነው፤
ይህን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ በየትኛው ቋንቋ ይነግሩታል?
የባልዲውን ውሃ በጭልፋ እየቀዳን፣
ከፍ አድርገን እያፈሰስን፣
እሱም እኔም እስኪነጋ ቆየን።
አራቱ ተረፉ።

አሁን ማታ ማታ ይመጣል፤ መብራቱን አጥፍተን እንቀመጣለን።
«ምንም አይሰማም» ይለኛል።
«አዎ» እለዋለሁ።
እጄ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤
ከጉልበቴ ሥር ደብቄዋለሁ።